ለማን ነው «እንብላ» ያልኩት

ብርቱካን እየላጥኩ ነበር።

ልጣጩ ሳይበጠስ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ጥብጣብ ሆኖ እንዲወርድ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የምልጠው።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ከሩብ ነበር፤ እዚህ በምኖርበት አገር አቆጣጠር ሁለት ከሩብ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ያለፈው ነሐሴ። ቦታው ከዳላስ በስተሰሜን፣ ሌዊስቪል ሐይቅ ዳር ያለ የመኪና ማቆሚያ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ፈጠራ እንዳይመስላችሁ ነው። ሰው ፊት ማውራት አይሆንልኝም፤ ድምፄ ይጠፋል። ስጽፍ ግን የሆነውን፣ በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ሰርካዲስ እባላለሁ። ኧርቪንግ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው «እንኳን ደህና መጡ» እላለሁ። ቤት ስገባ ለራሴ የሚተርፍ ቃል የለኝም።

ስለዚህ አሮጌ የዕቃ ማመላለሻ ቫን ገዛሁ። ሰባት ቀን ብቻዬን ልኖርበት። ብቻዬን ልነዳ፣ ብቻዬን በእግሬ ልሄድ፣ ብቻዬን ልበላ። ከራሴ ጋር መቀመጥ ልማር ብዬ።

አልጋውንና የጣሪያውን ማራገቢያ የገጠመልኝ ወንድሜ ሊዮል ነው። እዚሁ ነው ያደገው፤ «አንተ»ና «አንቺ» ይምታታበታል።

«ሰርኪ፣ አንተ አንድ ቀን አትችልም» ብሎ ሳቀብኝ። «ቱሞሮ ኮል ታደርጋለህ።»

«ሰባት ቀን» አልኩት። «ከደወልኩልህ ቫኑ ያንተ ነው።»

ይህ ሦስተኛው ቀን ነበር።

ቫኑን በደንብ እዩልኝ። ከሹፌሩ ወንበር የሚለየኝ የብረት ግድግዳ ነው። የኋላውን በር አልጋው ዘግቶታል፤ ሊዮል በብሎን አስሮታል። መውጫው አንድ ብቻ ነው... በጎን የሚንሸራተተው በር። እሱ ላይ ትንሽ መስኮት አለች።

ሰው እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ፣ የመስኮቷን መጋረጃ ስቤ፣ ማራገቢያውን ከፍቼ ነው የተቀመጥኩት።

ብርቱካኑን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ሳህን ላይ አስቀመጥኩ።

መጋረጃው ላይ ጥላ አለፈ።

«እንብላ» አልኩ።

አመለጠኝ። ያደግንበት ነገር ነው፤ እየበላን ሰው ሲያልፍ ዝም አንልም።

ጥላው ቆመ። ከውጭ የአንዲት እናት ድምፅ፣ በጠራ አማርኛ፣ መለሰልኝ።

«ብሉ ልጆቼ፣ ብሉ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቴክሳስ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ ለእንብላ መልስ የሚያውቅ ሰው።

ከዚያ ቃሉ ቆረቆረኝ።

ለእኔ ቢሆን «ብዪ» ነው። ቢያከብሩኝ «ይብሉ» ነው።

«ብሉ»... «ልጆቼ»...

ከአንድ በላይ ለሆነ ሰው ነው።

ሰላም ልበላቸው ብዬ ተነሳሁ። እጀታውን ሳብኩት።

በሩ አልተከፈተም።

ደግሜ ሳብኩት። ትንሽ ሄደና ተመለሰ። እንደ ተበላሸ በር አልነበረም። ልክ ሰው ከወዲያ ጫፍ ሲይዘው... ለስላሳ እምቢታ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ማራገቢያው ቆመ።

ውጭው መቶ አራት ዲግሪ ነበር፤ በእናንተ አቆጣጠር አርባ። በዚህ ሙቀት የተዘጋ መኪና ውስጥ ሰው ምን እንደሚሆን እዚህ በየበጋው ዜና ላይ እንሰማለን። ልጆች። ውሾች።

«እማማ!» አልኩ። «በሩ እምቢ አለኝ። ከውጭ ይክፈቱልኝ!»

«ኧረ ልጄ፣ የሰው መኪና እንዳትነኪ ተብያለሁ። ፖሊስ ይጠሩብኛል።»

«የእኔ ነው! ግድ የለም፣ ይሳቡት!»

ሳቁ። እንደ እናት፣ እንደ ቀልደኛ።

«እሷ ትክፈትልሽ እንጂ።»

«ማን?»

«ይቺ ናታ። እጀታውን ይዛብሽ የለ?»

እጄን ከእጀታው ላይ አነሳሁ።

የላብ ጠብታ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አልጠረግሁትም።

«ማንም የለም፣ እማማ» አልኩ።

«ኧረ ተጫወቱ!» አሉኝ። «እሷም ትስቃለች።»

ጥላቸው ከመጋረጃው ላይ ሄደ።

መጥበሻ አንስቼ መስኮቷን መታኋት። መጥበሻው ተጣመመ። የብረቱን ግድግዳ ረገጥኩት። ጮህኩ። ሐይቁ ላይ የሚበሩት ጀልባዎች ድምፅ ዋጠኝ።

ለፖሊስ መደወል ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን አፌ በፍርሃት እንግሊዝኛውን ጥሎታል፤ ጣቴ የሚያውቀውን ስም ነካ።

«ሃ! ሰርኪ!» አለ ሊዮል። «ቫኑ የእኔ ነው!»

«ሊዮል... ታስሬአለሁ። በሩ አልከፈት አለኝ። እየተቃጠልኩ ነው።»

ሳቁ ተቋረጠ። «ኦኬ። ኦኬ። ሎኬሽኑ ስልኬ ላይ አለ። ሰላሳ ደቂቃ። ናይን ዋን ዋን ኮል አድርግ። ውሃ አለህ?»

«ትንሽ።»

ከዚያ በሹክሹክታ...

«ሰርኪ፣ ከጎንህ ማነው?»

«ማንም።»

«የሚበላ ሰው እሰማለሁ።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

አፌ ባዶ ነበር።

ስልኩ ጠቆረ። በጣም ሞቋል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣበት።

ወደ ሳህኑ ዞርኩ። ግማሹ ብርቱካን አልነበረም። አንዲት ክፋይ ብቻ ቀርታለች። እንግዳ ለባለቤቱ ብሎ እንደሚያስቀራት... አንዲት።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ላቤ ቆመ። ላብ ሲቆም መጥፎ መሆኑን አንብቤአለሁ።

ጭንቅላቴ ግን አንድ ነገር ላይ ተጣብቆ ነበር። እኔ ነኝ የጠራኋት። «ልብላ» ማለት እችል ነበር። «እንብላ» አልኩ። ሁለት ሰው ያለበት ቃል።

ተጋብዞ የመጣ እንግዳ ደግሞ ተርቦ አይሸኝም።

የቀረችውን ክፋይ አነሳሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ እጀታው ዘረጋኋት።

«እንኪ» አልኩ።

ምንም።

«እንኪ፣ ብዪ።»

ከጆሮዬ አጠገብ፣ በጣም በቀስታ...

«ጠግቤያለሁ።»

ትሑት ድምፅ ነበር። ይሉኝታ ያለው።

«ትንሽ ብቻ። እባክሽ።»

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

አወቅሁት። እናንተም ታውቁታላችሁ። እንግዳ እምቢ ሲል የሚጨመር አንድ ቃል አለ። ያለዚያ ቃል ጨዋ እንግዳ አይጎርስም።

እናቴ እንግዳ እምቢ ሲላት «በሊዮል ሞት» ነበር የምትለው። ሳላስበው ምላሴ ላይ መጣ። «በሊ...» ብዬ ነከስኩት።

ሊዮል በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ለእኔ ብሎ እየበረረ።

የክፋይዋ ጭማቂ ክንዴ ላይ ወረደ።

አማራጭ አልነበረኝም። ወይ የእሱ፣ ወይ የእኔ፣ ወይ ያ ሙቀት።

«በሞቴ» አልኩ።

ከንፈር ጣቶቼን ነካ። በዚያ እሳት ውስጥ... ቀዝቃዛ። ክፋይዋን ጥርስ ሳያስነካ፣ በጨዋነት ተቀበለኝ።

በሩ ተከፈተ።

ብርሃን። ሊዮል። ሸሚዙ በላብ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል።

«ውጡ! ውጡ!» ይላል። «ኦ ማይ ጋድ፣ ውጡ!»

አማርኛው ደካማ ነው፤ ነግሬአችኋለሁ። ወንድና ሴት ይምታታበታል። አንድና ሁለት ግን ተምታቶበት አያውቅም።

ዛፍ ጥላ ሥር ወደቅሁ። እኚያ እናት እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ነጭ የስፖርት ጫማ፣ የፀሐይ ኮፍያ። በኋላ እንደነገሩን ወይዘሮ አሰለፈች ይባላሉ፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እዚሁ ሰፈር ነው ያሉት። በየቀኑ በእግራቸው ይሄዳሉ። እንደ እኔና እንደ እናንተ ሰው ናቸው።

«ውይ በሞትኩት! ጨዋታ መስሎኝ እኮ ነው» አሉ እያለቀሱ።

ከቦርሳቸው ሁለት ፕላስቲክ ውሃ አወጡ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ።

ሌላውን ተነስተው ባዶው ቫን በር ላይ ዘረጉት።

«እንኪ ልጄ፣ አንቺም ጠጪ።»

ሊዮል እሳቸውን አየ። በሩን አየ። ከዚያ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ወደ ቤት ስንመለስ በሩ እንዴት እንደተከፈተለት ጠየቅሁት።

«በአንድ ጣት» አለኝ። «ሎክ አልነበረም።»

«ቫኑ ያንተ ነው እንግዲህ።»

«አልፈልግም።»

ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁትም። ቫኑ አፓርትመንቱ ግቢ ውስጥ፣ በሩ እንደተዘጋ ቆሟል።

ይኸው ወራት አለፉ። አልሞትኩም። ሰው ቤት «በሞቴ» ሲሉኝ ግን አላስደግምም፤ ቶሎ እጎርሳለሁ። ስራ ቦታ ምሳዬን ከሰው ጋር እበላለሁ። ብቻዬን ስሆን አፌን ዘግቼ ነው። «እንብላ» የምትለዋን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አላወጣኋትም።

አንድ ነገር ብቻ እረፍት ይነሳኛል። እናቴ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ትላለች።

እኔ ያጎረስኩት አንድ ነው።

አሁን ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነው። ኧርቪንግ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነኝ። ፀሐዩ ወለሉ ላይ አለ። ይህን የምጽፍላችሁ በመሃል በመሃል እያቋረጥኩ፣ ብርቱካን እየላጥኩ ነው። ቤት ውስጥ የነበረኝ አንድ ብርቱካን ነው።

የወጥ ቤቱ በር መከፈት አለመከፈቱን አልሞከርኩም። ወደዚያ አላየሁም።

ልጣጩ ሳይበጠስ ወረደልኝ፤ አንድ ወጥ ጥብጣብ። ቢላዋውን ጠረግሁ። ጥብጣቡን ጠቅልዬ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ከሌላኛው ልጣጭ አጠገብ አስቀመጥኩት።