ሽማግሌው የሚጥለው ፋይል

«ደግሞ ሞተ!» አሉ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው።

መጽሐፍ ለመመለስ የተሰለፉት ተማሪዎች አጉረመረሙ። ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር በጥቁር ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ጽፎ ጸጥ ብሏል። ተማሪዎቹ «ሽማግሌው» ይሉታል። ማውስ የለው፣ ሥዕል የለው፣ ሁሉን ነገር በፊደል ካልጻፉለት የማይሰማ፣ ከእነሱ በፊት የተወለደ ማሽን ነው።

ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የነበረው ልጅ ቶሎ ተነስቶ ሊወጣ ሲል ረጅም እግሩ ከወንበሩ ጋር ተጠላለፈበት። ቀውላላው ነበር፣ የቁንጫ የአክስት ልጅ። እናቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ስለሄደች ዘንድሮ የሚኖረው እነቁንጫ ቤት ነው። ቁንጫ ራሷ ይህን ስም ያተረፈችው በቁመቷ ማነስና አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ባለመቻሏ ነው፤ አሁን ለምዳዋለች፣ በስሟ ሲጠሯት እንዲያውም ትደነግጣለች።

የኮምፒውተር አስተማሪው ከጎን ክፍል እየተጣደፈ መጣ። «አሁንም አንተ?» አለ። «ይሄ ማሽን በሞተ ቁጥር ፊቱ የማገኘው አንተን ነው። ጌም ጭነህበታል፣ አይደል?»

«አልጫንኩም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?»

ቀውላላው ጫማውን አየ። «መጽሐፍ... ስፈልግ።»

«በየቀኑ? ጥሩ። ነገ ጠዋት ወላጅ ይዘህ ና። እስከዚያ ይሄን ክፍል እንዳትረግጥ።»

ቁንጫ ከሰልፉ ወጥታ ግቢው ውስጥ ሮጣ ደረሰችበት። ፊቱ አመድ መስሏል። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አላት። «በናትሽ።»

«ወላጅ አምጣ ተብለህ ማንን ልታመጣ ነው? የጎረቤት ድመት?»

«ሙድ አትያዢብኝ። በኔ የተነሳ ከሥራ ቀርታ እዚህ መጥታ ልትወቀስ? አይሆንም። ካልሆነ ትምህርቱን እተወዋለሁ።»

ቀልድ አለመሆኑ ገባት። «ጌም ጭነሃል?»

«እናቴን! አልጫንኩም።»

አመነችው። በእናቱ ስም የሚቀልድ ልጅ አይደለም። መጽሐፍ ስፈልግ ነበር ያለው ግን አልተዋጠላትም፤ አንድም ቀን መጽሐፍ ይዞ እቤት ሲገባ አይታው አታውቅም። ታዲያ ምን ሲያደርግ ነበር? ጥያቄ አንዴ ከገባባት እንቅልፍ የሚነሳት ልጅ ናትና፣ እሱን እዚያው ትታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰች።

ኃላፊዋ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብለው የሞላውን ዲስክ ሊጠርጉ ተዘጋጅተዋል። ሽማግሌው ላይ አንድ ፕሮግራም ድንገት ሲወድቅ፣ በዚያች ቅጽበት ሜሞሪው ውስጥ የነበረው ሁሉ እንዳለ ተገልብጦ «ኮር» የሚባል ትልቅ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ ፋይሉ የተረፈውን ቦታ ሁሉ ይውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ አንዲት መጽሐፍ እንኳ ማዋስ አይቻልም። ስለዚህ ኃላፊዋ ያጠፉታል፣ ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ እንደገና ያጠፉታል። አስተማሪው ያሳያቸው እንደዚያ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሲጠረግ፣ ፋይሉ ከየት እንደመጣ የጠየቀው ሰው የለም።

«እትዬ፣ አያጥፉት! ልየው።»

«ምኑን ታይዋለሽ ልጄ? ቆሻሻ እኮ ነው።»

«ቆሻሻም ቢሆን የማን እንደሆነ ይታወቅ።»

ኃላፊዋ ሳቁ። «በይ እስክዘጋ ድረስ» ብለው መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ ለመመለስ ሄዱ።

ቁንጫ በኮምፒውተር ክበብ የተማረቻቸውን ትእዛዞች አስታወሰች። የመጀመሪያው አንድ ፋይል ምን እንደሆነ የሚናገር ነው። ጻፈችው። ሽማግሌው ትንሽ አሰበና መለሰ፦ ኮሩን ጥሎ የወደቀው የመጽሐፍ መፈለጊያው ፕሮግራም ነው። ጌም የሚባል ነገር የለም! ቁንጫ ከወንበሯ ብድግ አለች።

እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር፤ ግን እሷ መቼ አቁማ ታውቃለች? ቀኑን ሙሉ ስንቱ ተማሪ እየፈለገበት ያልወደቀ ፕሮግራም ለምን ቀውላላው ሲቀመጥ ይወድቃል? ሁለተኛው ትእዛዝ ከፋይሉ ዝባዝንኬ ውስጥ ሰው ሊያነበው የሚችለውን ብቻ ለይቶ ያወጣል። እሱን ጻፈች። የመጻሕፍት ርዕሶች ተግተለተሉ፣ ትርጉም የሌላቸው ቁጥሮች ተከተሉ፣ ከዚያ አንድ ማለቂያ የሌለው መስመር መጣ። ልጆች በስልክ እንደሚጻጻፉት ፊደሉ የላቲን፣ ቋንቋው ግን የቤታቸው ነው።

«ትናንትም እራት ላይ ጠግቤያለሁ አልኩ። አልጠገብኩም። በሰው ቤት ብዙ መብላት ደስ ስለማይል ነው። ቁንጫ የወፍ ሆድ ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እማዬ፣»

ቁንጫ ስክሪኑን በመዳፏ ሸፈነችው። ጆሮዋ ጋለ። የወፍ ሆድ ያለችው ሁሉም እንዲስቁ ብላ ነበር፤ ስቀውም ነበር። ከ«እማዬ» በኋላ ያለው የእሷ አልነበረም።

ነገሩ ሁሉ አሁን ገባት። ቀውላላው ለማንም የማይናገረውን መፈለጊያው ላይ ይጽፋል። መፈለጊያው ደግሞ የተሠራው ለአንድ አጭር ርዕስ ነው፤ ጽሑፉ ሲበዛበት ይፈነዳል። ጽሑፉ ከስክሪኑ ሲጠፋ ቀውላላው ለዘላለም ጠፋ ብሎ እፎይ ይላል። ሽማግሌው ግን የሰማውን ይዞ ነው የሚሞተው።

የእግር ኮቴ ሰማች። ስክሪኑን ያጸዳችው ለጥቂት ቀድማ ነው። አስተማሪው ገባ፤ ቀውላላውም ከኋላው። ልመና ላይ እንደነበረ ዓይኑ ይናገራል።

«ቲቸር፣ ጌም አይደለም!» አለችና የመጀመሪያውን ትእዛዝ ደግማ አሳየችው።

አስተማሪው መነጽሩን አስተካከለ። «የኔ መፈለጊያ? ራሴ የጻፍኩት?» ቅር ብሎታል። «እሱ እንዲህ በቀላሉ አይወድቅም። ልጁ የሆነ ነገር አድርጎበታል። ቆይ፣ ውስጡን እንየዋ። ሲወድቅ የተጻፈው ሁሉ እዚህ ፋይል ውስጥ ቃል በቃል አለ።»

ቀውላላው ይህን አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ከዚያ ቁንጫን አየ። አስተማሪው ጣቱን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ።

ፋይሉ ጌም አለመጫኑን የሚመሰክር ብቸኛ ማስረጃ ነው። ቢታይ ነገ ወላጅ የሚባል ነገር አይኖርም። ግን አስተማሪው ጮክ ብሎ ማንበብ ይወዳል፣ በሩ ላይ ደግሞ ሁለት ተማሪዎች አንገታቸውን አስግገዋል።

«ቲቸር፣ አንዴ! እኔ ላሳይዎት!»

ክንዱን አልፋ ኪቦርዱን ነጠቀችው። መፈለጊያውን ከፍታ አንድ ፊደል ተጭና ያዘች። ፊደሉ መስመሩን ሞላ፣ ወደ ቀጣዩ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ከዚያ «አስገባ» የምትለዋን ተጫነች። ሽማግሌው ሞተ።

«ምን ነካሽ?» አስተማሪው ጮኸ። «አዲሱ ኮር በአሮጌው ላይ እኮ ነው የሚጻፈው! ማስረጃውን አጠፋሽው!»

«ይሄም ያው ነው፣ ቲቸር። አሁን ይዩት።»

አስተማሪው እያጉረመረመ ውስጡን አየ። በአንድ ፊደል የተሞላ ረጅም መስመር ብቻ ነበር። ራሱም አንዴ ሞከረና ጣለው። ሌላ ፊደል ይዞ ደገመው። ንዴቱ ቀስ በቀስ ሲበርድ በእሱም ፊት ላይ ያው የቁንጫ የጥያቄ በሽታ ታየ። «ርዝመቱ ነዋ!» አለ። «ቦታውን አጥብቤ ሠርቼዋለሁ። ሰው ይህን ያህል ይጽፋል ብዬ መች አሰብኩ?» ወደ ቀውላላው ዞረ። «በል፣ ወላጁ ይቅር። ለመሆኑ ምን የሚያህል ርዕስ ነበር የምትፈልገው?»

«ረጅም ነበር፣ ቲቸር» አለ ቀውላላው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ቀውላላው ድንጋይ እየመታ ቆየና፣ ቀና ሳይል፣ «አሮጌውን... አንብበሽው ነበር?» አለ።

«አላነበብኩም» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ፋይሉ ጠፍቷል፣ ማንም አያውቅባትም፣ እሱም ሌሊቱን ደህና ተኝቶ ያድራል።

«እናትህን እስከጠራህበት ድረስ» አለች። «ከዚያ ዘጋሁት። የወፍ ሆድ ያልኩህ ደግሞ... ሼም ነው። ይቅርታ።»

ቀውላላው በእነዚያ ረጃጅም እግሮቹ ጥሏት ነጎደ። ቁንጫ አልሮጠችም፣ አልተጣራችም፤ በራሷ እርምጃ መሄዷን ቀጠለች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ቆሞ እየጠበቃት ነበር።