ከብርጭቆዋ ጀርባ ያለው ሳሙና

አድማሴ የሞተው ቤቱ ባደረጋት በገዛ ጀልባው ሆድ ውስጥ ነው። ፊቱን ወደ መሰላሉ አዙሮ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ተገኘ። ነገሩ የሆነው፣ ልጆቼ፣ የእኛ ሰው ገና ጥቂት በነበረበት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ሆላንድ አገር ሮተርዳም ውስጥ፣ ዴልፍስሃቨን በሚባለው አሮጌ ወደብ ላይ ነው። ከጠባቡ የሞተር ክፍል የሚወጣው የቤንዚን ሽታ ዓይን ያቃጥል ነበር። ሐኪሙ «ተኑ አፍኖ ነው የገደለው» አለ።

ፖሊስ ወይዘሮ አፀደን አስጠራ። አዲስ አበባ ሳሉ መርማሪ ነበሩ፤ እዚህ አገር አስተርጓሚ ሆነዋል። ሆላንዳዊው መኮንን ግን ጥፋተኛውን ለይቶ ጨርሷል፤ ሞተሩን የጠገነው ስደተኛ ሽባባው ነው።

ከሞተሩ ጎን የምትንጠለጠል አንዲት ትንሽ የማጥለያ ብርጭቆ አለች፤ ውሃውና ቆሻሻው ከቤንዚኑ ተለይቶ እሷ ውስጥ ይዘቅጣል። እሷ እያንጠባጠበች ስታስቸግር ሽባባው ትናንት ጠግኗት ሄደ። ዛሬ ወለሉ በሙሉ ቤንዚን ነው። የሽባባው የጥገኝነት ማመልከቻ ገና መልስ አላገኘም። በቸልታ ሰው ገደለ ከተባለ ወደ አገሩ ይመልሱታል፤ እዚያ ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

የሟች ሚስት ብርነሽ በጀልባዋ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ሽባባውን ታየዋለች።

«ባሌን ገድለህ ወንበሬ ላይ ትቀመጣለህ?»

ሽባባው ተነሥቶ ቆመ።

«ብርነሽ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አፀደ፣ «አድማሴ ሰሞኑን ምን ይል ነበር?»

«እሑድ የስደተኞቹ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ ይል ነበር። ‹ስማችንን ለመንግሥት ሰዎች የሚያቀብለውን ደረስኩበት› አለኝ። ማን ነው ስለው ዝም አለኝ።»

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው የአድማሴ ጓደኛ አዘዘ ነው። ካፖርቱን እንደለበሰ በር ላይ ተደግፏል።

«ምን ያደክምዎታል፣ ወይዘሮ አፀደ? ሽባባው የበረሃ ሹፌር ነው። ቢጫ ሳሙና ለጥፎ ተሠራ ብሎ ሄደ።»

«ወርደህ አይተኸዋል?»

«እኔ? ሞተሩ ከተበላሸ ወዲህ እዚያ ወርጄ አላውቅም። ጠዋት ስመጣ የሞተር ክፍሉ ክዳን ክፍት ነበር፣ ከላይ ሆኜ ተኝቶ አየሁት፣ ፖሊስ ጠራሁ። ያወጡት እሳት አደጋዎች ናቸው።»

«ደግሞም ስለ ሞተር ሊያስተምረን ይመጣል» አለች ብርነሽ ሽባባውን እያየች። «እጁ እንኳ ንጹሕ አይደለም።»

ወይዘሮ አፀደ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ወረዱ። ብርጭቆዋን የሚያጠብቀው ዳዶ ላልቷል፤ የቡሽ ቀለበቷ ግን አዲስ ናት። የብርጭቆዋ ጀርባ ግድግዳውን ስለተጠጋ አይታይም። የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው የፊት መስተዋታቸውን አወጡና ከኋላ አስገቡት። ረጅም ጊዜ አዩ። ሲወጡ ደግሞ ከራሳቸው በላይ ያለውን የእንጨት ክዳን በጣታቸው ዳሰሱ። ከውስጥ በኩል ሰማያዊው ቀለም በጥፍር ተቧጥጧል።

ሽባባውን ለብቻው ጠሩት።

«ሳሙናውን ለምን ደበቅኸኝ?»

አንገቱን ደፋ። «አፍሬ ነው። አዲሱ ቡሽ በደንብ ይዞ ነበር። የብረቱ ከንፈር ከኋላ ትንሽ ስለተጫረ፣ ለማንኛውም ብዬ አገር ቤት የሚያፈስ የቤንዚን ታንክ በሳሙና እንደምንለስነው አስነካሁት። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለአድማሴስ?»

«ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።» ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁራጭ አወጣ። ቢጫ ነው።

ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ አፀደ በአማርኛ ጀምረው ለመኮንኑ በሆላንድኛ ይደግሙለታል።

«ጥገናው ቢበላሽ ኖሮ ቤንዚኑ በሳሙናው ሥር ሰርስሮ በወጣ ነበር። ሳሙናው ግን ደርቆ፣ መጋጠሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቋል፤ የላዩ ከታችኛው ጋር አይገጥምም። ሳሙናው ከደረቀ በኋላ ብርጭቆዋን ያዞራት ሰው አለ።»

«አድማሴ ራሱ ይሆናላ» አለ አዘዘ።

«ቆይ። አድማሴ ክዳኑን ከውስጥ ሲቧጥጥ ጥፍሩ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ገብቷል፤ ሐኪሙም አይቶታል። መቀርቀሪያው ያለው ከውጭ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዘግቶበት፣ ሲሞት መልሶ ከፍቷል። ይህ ቸልታ አይደለም። ከሽባባው በቀር ሳሙናውን የሚያውቀው ማን ነው? ከኋላ እጁን ሰዶ የዳሰሰ፣ ሲፈታም ጣቱ ላይ የቀረበት። ወርደህ ሳታይ ሳሙና መኖሩን የነገርከኝ አንተ ነህ፣ አዘዘ።»

«ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው። ገመትኩ።»

«ቀለሙንም ገመትክ?»

ብርነሽ ቀስ ብላ ወደ አዘዘ ዞረች።

«በየሳምንቱ የመንግሥት ሰዎች ወዳሉበት ሄግ የምትሄደው ለትምህርት ነው ብለኸን ነበር። ትምህርት ቤቱ የት ነው?»

«አንቺም በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትሸጪኝ ነበር» አለ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላየም። መኮንኑ ክንዱን ይዞት ወጣ።

ሽባባው ሳሙናውን በጨርቁ ጠቅልሎ ወደ በሩ አመራ። ብርነሽ ይቅርታ ማለት አልቻለችም።

«ብርጭቆዋ አሁንም ታንጠባጥባለች?» አለችው።

«ዳዶው ስለላላ ነው።»

ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

«እንግዲያው ቁጭ በልና እጅህ ይረፍ» አለችው። «ከዚያ ወርደህ ታጠብቃታለህ።»