በሦስተኛው ትሪ ላይ የተደፋው ሰዓት

ከምሳ የተመለሱት ሠራተኞች በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የቀደማቸው ሳቅ ነበር። የጉምሩኩ የዕቃ ምደባ ክፍል ኃላፊ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ፣ መብራቱን እንዳበራ ተኝቷል። እንዲህ ሲያንቀላፋ አይተውት አያውቁም። ምክትሉ «ዛሬስ ተያዝክ!» ብሎ ትከሻውን ነካው። ሳቁ እዚያው ላይ ቀረ።

ሰውየውን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ሚዛን» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ከውጭ የሚገባ የእጅ ሰዓት ሁሉ በእሱ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ምን ዓይነት ሰዓት እንደሆነ፣ የትኛው ቀረጥ እንደሚመለከተው ይፈርዳል። ሲፈርድ ተሳስቶ አያውቅም ይባል ነበር፤ ባይወዱትም ይህን የካደ አንድም ሰው የለም።

መርማሪዋ ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«መርዝ ነው» አላት። «ከንፈሩንና ምላሱን ተመልከቺ። በአፉ ገብቶ ወዲያው ነው የጨረሰው።»

«ምን በልቶ ነበር?»

«ምንም። ምሳው ገና ዘበኛው ጋ ነው። ሻይ ጠጥቶ ነበር ይላሉ፤ ብርጭቆው ግን ታጥቧል።»

ማን እንዳጠበው መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ቤቱ ሙሉ ጣቱን ወደ አንዲት ልጅ ቀስሯል። ማጉያ መነጽር በአንድ ዓይኗ ሰክታ ስለምትውል «ጉጉት» የሚሏት አዲሷ መዳቢ ናት። ሻዩን የቀዳችው እሷ፣ ብርጭቆውን አጥባ ለምሳ የወጣችውም እሷ። ከእሷ በኋላ ሚዛንን በሕይወት ያየው የለም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ጠዋት ሰላም ሲሏት የነበሩት ሁሉ አሁን ስለ እሷና ስለ ሟቹ ይንሾካሾካሉ። ፖሊሱ ከመተላለፊያው ጫፍ ባለ ክፍል አስቀምጧት፣ ወደ ጣቢያ የሚወስዳትን መኪና ይጠብቃል።

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ናት። ይህችን አለቃ፣ ገና ጀማሪ ሳለች እግር በእግር ስትከተላት፣ አስከሬን አይታ ስታለቅስ፣ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ያስተማረቻት መርማሪዋ ራሷ ነበረች። ባለፈው ወር ሹመቱ ሲመጣ ግን መምህሯን ዘሎ ተማሪዋ ላይ አረፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አለቃዬ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይሰነቀርባታል፤ ስለዚህ ስልክ ስታነሳ «አቤት» ብቻ ትላለች።

«አቤት።»

«እታለም፣ ልጅቷ ተይዛለች አሉኝ። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። መኪናው መጥቶ ይውሰዳት?»

«ትንሽ ይቆይ።»

«ምነው፣ የተጠራጠርሽው ነገር አለ?»

«ገና ጠረጴዛውን አላየሁም» አለችና ዘጋች። ቅናቷን ራሷም ታዘበችው።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ተቀምጣለች፤ የእንጨት መያዣዋ ልሙጥ ነው። አጠገቧ ሦስት ትሪዎች ተደርድረዋል። ምንም አልተጻፈባቸውም። ሰዓቶቹ ገሚሱ ሽቅብ ያያሉ፣ ገሚሱ በፊታቸው ተደፍተዋል። ሦስተኛውን ትሪ ሳብ ስታደርገው፣ ከተደፉት አንዱ ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም አደረገ። የሰው ልብ ትርታ የሚቆጥር ዓይነት ነው፤ ክንድ ሳይኖር ትርታ ይፈልጋል። መርማሪዋ ሟቹን አየችና ትሪውን ቀስ ብላ መለሰችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ምክትሉን ነው። ላቡን እየጠረገ ገባ።

«ስለ ትሪዎቹ ይንገሩኝ።»

«አንደኛው በእጅ የሚሞላ፣ ባትሪ የሌለው ሰዓት ነው። ሁለተኛው ባለባትሪ ሆኖ በጠቋሚ የሚያሳይ። ሦስተኛው ባለባትሪ ሆኖ በቁጥር የሚያሳይ። ተፈርዶበት ያለቀ ሰዓት በፊቱ ይደፋል፤ ያላለቀ ሽቅብ ያያል። የቤቱ ሰው ያውቀዋል፣ ማንም አይጽፍበትም።»

«ከስልክ ጋር የሚነጋገረውስ?»

«እሱማ ትሪ ላይ አይወጣም። ዱሮ እንደማንኛውም ሰዓት ነበር የምናየው። ደንቡ ከተቀየረ ወዲህ ግን መልእክት የሚልክና የሚቀበል ከሆነ የመገናኛ መሣሪያ ነው፤ መስኮቱ ሥር ካለው ቅርጫት ይገባል። ቀረጡም ሌላ ነው።»

«ሟቹ ሰዓት የሚፈታው መቼ ነበር?»

«በምሳ ሰዓት፣ ብቻውን። ሰው ሲመላለስ አቧራ ይነሳል እያለ ያስወጣናል። የኋላው ደረጃ በር ክፍት ነው፣ በዚያ ወጥተን በዚያ እንገባለን።»

«ጉጉትን ይወዷታል?»

ምክትሉ ወለሉን አየ። «እኔ ስንት ዘመን አብሬው ስሠራ፣ ከመብራቱ ሥር፣ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለትናንት ልጅ ሰጣት። አዎ ቀንቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ! ግን በቅናት ሰው ቢገደል ኖሮ እዚህ ቤት ማን ይተርፍ ነበር?»

ቀጥሎ የገባው የእጅ ሰዓት አስመጪ ቁጣው ከሐዘኑ ይበልጥ ነበር። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተይዞበታል።

«የጎረቤቴ ዕቃ በመጣ በሳምንቱ ይወጣል፤ የኔ ይኼው ፀሐይ ሳያይ ይከርማል! ጎረቤቴ ሱቁን አስፍቶ መስታወት ሲያስገባ እያየሁ እኔ እዚህ ደጅ እጠናለሁ። ዛሬ ጠዋት ናሙናውን በእጁ ሰጠሁት። ከስልክ ጋር ይነጋገራል ብዬ ብምል ብገዘት “ከፍቼ ካላየሁ አላምንም” አለኝ።»

«ናሙናው የትኛው ነው?»

«ጀርባው አረንጓዴ የሚያበራው።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ታች ገንዘብ መክፈያው መስኮት ጋ ስጨቃጨቅ ነዋ! ገንዘብ ተቀባይዋን ይጠይቁልኝ፣ ጆሮዋን ሳላደነቁራት አልቀረሁም።»

እሱ ሲወጣ መርማሪዋ አረንጓዴውን ሰዓት አንስታ በገዛ ስልኳ ሞከረችው። ሰዓቱ ስልኳን አገኘ፤ ወዲያውም ከአለቃዋ የመጣው አዲስ መልእክት ፊቱ ላይ ተነበበ፦ «እታለም፣ መኪናው ተነስቷል።»

ጉጉትን ያገኘቻት ወንበሩ ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼን እኔ እንዴት እገድለዋለሁ?» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ብርጭቆውን ሁልጊዜም አጥቤ ነው የምወጣው። ሰዉ የሚያወራውንም እሰማለሁ። ለኔ እኮ እንደ አባት ነበር።»

«መሣሪያዎቹን የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ?»

«ሁሉንም። ከትንሿ ካቻቢቴ በቀር። እሷን በኮቱ ኪስ ይዟት ይሄዳል፣ ይዟት ይመጣል። ለማንም አያስነካም።»

«ሲሠራ እንዴት ነው የሚይዛት?»

ልጅቷ በእንባዋ መሐል ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሁለት እጁ ሲያዝ መያዣዋን በጥርሱ ይነክሳል። “ጋሼ፣ አይጥ የበላት መሰለች እኮ፣ ሌላ ይግዙ” እለው ነበር። እምቢ አለ።»

መርማሪዋ የምደባ ክፍሉን ጠረጴዛ አሰበች። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ካቻቢቴ ልሙጥ ነች።

«ሥራሽን ያመሰግን ነበር?»

«“እጅሽ ዓይን አለው” ይለኝ ነበር። ባለፈው ሰንበት ቤቱ ጋብዞኝ፣ ባለቤቱ ፊት ሳይቀር ደገመው። ደስታዬን አልችለው አልኩ።»

«ባለቤቱ ምን አለች?»

«ምንም። ፈገግ ብላ ሰሃኑን አነሳች።»

የሟቹ ባለቤት መርዶ ሰምታ መጥታ፣ ታች ዘበኛው ጋ ጥቁር ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። እንባ የሌለው ሐዘን የከፋ ነው እያሉ ሴቶቹ ከበዋታል።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት እትዬ። ይህን ቤት ያውቁታል?»

«ከመጋባታችን በፊት እዚሁ ነበር የምሠራው። ባልና ሚስት በአንድ ክፍል አይሆንም ተባለና አንዳችን መውጣት ነበረብን። ማን ይወጣል? እኔ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ረግጬው አላውቅም፤ ምሳውን ለዘበኛው ሰጥቼ ከበር እመለሳለሁ።»

«ሥራውን ይወዱት ነበር?»

«ሰዓት መፍታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ለነገሩ ይህን አሁን ማን ያስታውሰዋል።»

መርማሪዋ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። መስታወት ፊት ቆማ የገዛ አፏ ሲያወጣው ሰምታዋለች።

የፖሊሱ መኪና ግቢው ውስጥ ሲቆም አራቱንም ወደ ምደባ ክፍሉ አስጠራቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ መብራቱ ግን እንደበራ ነው። መጋዘን ከተያዘው የአስመጪው ዕቃ አራት ሰዓቶች አስወጥታ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጠቻቸው።

«እነዚህ ከስልክ ጋር የሚነጋገሩ ናቸው፤ ሞክሬያቸዋለሁ። ሟቹ ፈርዶ ቢጨርስ ኖሮ የት ያኖራቸው ነበር? አስመጪው ይጀምሩ።»

አስመጪው «እኔ ምን አውቅልሻለሁ!» ብሎ ሰዓቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣለው።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቅርብዎት» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ይረሳል። ልጅቷ ታሳየን፤ እጇ ዓይን አለው ይባል የለ?»

ሴትየዋ ቀና አለች። ልጅቷን አየቻት፤ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ። ከዚያ ተነስታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ትሪዎቹን ሳትቆጥር ሰዓቱን በሁለት ጣቷ ገልብጣ ሦስተኛው ትሪ ላይ ደፋችው። ያማረ እጅ ነበር።

«ምክትሉ?»

ምክትሉ ግራ እየተጋባ ወደ መስኮቱ ሄደና ሰዓቱን ቅርጫቱ ውስጥ ጨመረው። ጉጉትም ተከተለችው። ሰዓቶቹ ቅርጫቱ ውስጥ ሲጋጩ ሌላ ድምፅ አልነበረም። የሟቹ ባለቤት ቅርጫቱን እንደማታውቀው እንግዳ አየችው።

«ደንቡ ተቀይሯል እትዬ» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ከወጡ በኋላ።»

አስመጪው «ታዲያ ይህ ከመግደል ጋር ምን አገናኘው?» አለ።

«ዛሬ የእርስዎን ናሙና ሦስተኛው ትሪ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ትሪዎቹ ጽሑፍ የላቸውም፣ ስለዚህ ያኖረው የቤቱ ሰው ነው፤ እርስዎ እንኳን ትሪውን፣ ጠረጴዛውንም ሊስቱት ነበር። ሟቹ ራሱ አላኖረውም፤ እሱ እዚህ ላይ አይሳሳትም። ምክትሉና ጉጉት በየቀኑ ወደ ቅርጫቱ ይመላለሳሉ፤ በድንጋጤ እንኳ እግራቸው ወደዚያ ነው የሚወስዳቸው። ሥራውን አጥርቶ የሚያውቅ፣ አዲሱን ደንብ ግን ያልሰማ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«መርዙስ?» አለ ምክትሉ።

«ሻዩ ውስጥ አልነበረም። ሚዛን በጥርሱ የሚነክሳት ካቻቢቴ መያዣ ላይ ነበር። እሷ ደግሞ በኮቱ ኪስ ከቤቱ ትመጣለች። በምሳ ሰዓት ብቻውን ሆኖ እንደሚፈታ የምታውቅ፣ ኮቱን የምትሰቅልለት ሚስቱ ናት። በኋላው ደረጃ ገባች፤ ሞቶ አገኘችው፤ የተነከሰችውን ካቻቢቴ ወስዳ ልሙጧን አኖረች። ሰዓቱ ግን ተከፍቶ ፊቱ ነበር። ክፍት ከተገኘ ሁሉም ስለ ካቻቢቴዋ ያስባል፤ ከተዘጋ ግን ስለ ሻዩ። ሻዩን የምትቀዳው ደግሞ ጉጉት ናት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ብሎኖቹን መለሰች፣ ሰዓቱን አኖረች። ያን ጊዜ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ እጇ የድሮ ሥራውን ሠራ።»

ሁሉም ወደ ሴትየዋ ዞሩ። መካዷን ሲጠብቁ ቦርሳዋን ከፈተች። ከመሐረብ ውስጥ ትንሽ ካቻቢቴ አወጣች፤ መያዣዋ በጥርስ ተበልቷል።

«እንዳትነኳት፣ መርዙ አልጠራላትም» አለች። «ልጥላት ነበር። የጥርሱ ምልክት አለባት፣ እንዴት ብዬ ልጣላት?»

ጉጉት «እትዬ፣ እኛ እኮ ምንም…» ማለት ጀመረች።

«ዝም በይ። ፍቅር መስሎሻል? ባሌን ብትወስጂብኝ ኖሮ አለቅስና እተወው ነበር።» ሴትየዋ ከመብራቱ ሥር ያለውን ወንበር በእጇ ዳሰሰችው። «ይህ የኔ ነበር። “እጅሽ ዓይን አለው” ያለው እኔን ነው፤ ገና ልጅ ሳለን፣ እዚሁ። ትቼለት ስወጣ ቃሉን ይዤ ነው የወጣሁት። ሌላ ምን ነበረኝ? እሱን አንስቶ፣ በገዛ ቤቴ ገበታ ላይ፣ እኔ የሠራሁትን ምሳ እየበላ፣ ለሌላ ሰጠው።»

ፖሊሱ ክንዷን ሲይዛት አልታገለችም። በሩ ጋ ስትደርስ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«አንቺ፣ ልጅቷን ጠርተሽ የነካካሽኝ አውቀሽ ነው። ከየት አወቅሽው?»

መርማሪዋ መዋሸት ትችል ነበር። «ከራሴ» አለች። «እኔም ብሆን ተነስቼ አሳይ ነበር።»

ግቢው ውስጥ ለጉጉት የመጣው መኪና ሌላ ሰው ይዞ ወጣ። ልጅቷ ከወንበሩ ፊት ቆማ ቀረች፤ ልትቀመጥበትም፣ ልትተወውም አልቻለችም። መርማሪዋ መብራቱን አጠፋችላትና «ዛሬ ሂጂና ተኚ» አለቻት። «ነገ መጥተሽ ትቀመጪበታለሽ።»

ደረጃው ላይ ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ናት። ነገ ጋዜጠኞች ፊት ቆማ ይህን ነገር የምትናገረው ማን እንደሆነች፣ የማን ስም እንደሚጠራ መርማሪዋ ታውቃለች። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሊያቆም ሲል አነሳችው። ያቺ የተነከሰች መያዣ ትዝ አለቻት፣ ጉሮሮዋንም ጠረገች።

«አቤት፣ አለቃዬ» አለች።