ከግራ ወደ ቀኝ

ሰርካለም መሳይን ያገኘችው ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ አንድ ፋርማሲ በር ላይ ነው። የእናቱን የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ሲንከራተት አርፍዷል። እዚያም «የለም» ተብሎ ሲወጣ ከእሷ ጋር ተጋጩ።

«ይቅርታ፣ አላየሁሽም።»

«መድኃኒት የሚፈልግ ሰው መቼ ሰው ያያል?» አለችው። ማዘዣውን ከእጁ ወስዳ አነበበችና ስልኳን አወጣች። «ታች፣ ታክሲ መያዣው ጋ ያለው ፋርማሲ አለው። አስይዤልሃለሁ። ቶሎ ሂድ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«መድኃኒቱን ስታገኝ ተመልሰህ ጠይቀኝ።»

ተመለሰ።

የትኛው ፋርማሲ የትኛው መድኃኒት እንዳለው የሚያሳየውን አፕ የሠራችው ራሷ ሰርካለም ናት። የሠራችው ለአባቷ ብላ ነው። አቶ መዝገቡ ዊንጌት አካባቢ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስክሪን ላይ ያለ ቁልፍ ሊነኩ ሲሉ ጣታቸው ሌላ ቦታ ያርፋል። ስልክ ሲደወልላቸው ግን አረንጓዴውን ምልክት ጎትተው ያነሳሉ። ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ሲያሹት እንደነበረው ሁሉ፣ ጣታቸው መንገድ ሲጀምር ይረጋል። ሰርካለም ይህን አየች። ከዚያ ወዲህ በእሷ አፕ መድኃኒት የሚያስይዝ ሰው ቁልፍ አይነካም፤ ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ በቃ።

መሳይም የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፤ የግል ድርጅት ውስጥ ተቀጥሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በላይ ወዳለው የእጽዋት ማዕከል አብረው ይወጡ ጀመር።

«የአባትሽን እጅ አይተሽ ይሄን ማሰብሽ ይገርመኛል» አላት አንድ ቀን፣ ጥድ ሥር ተቀምጠው። «እኔ ብሆን አላየውም።»

«አንተማ ምን ታያለህ? ያገኘኸኝም ተጋጭተኸኝ ነው።»

ሳቀ። እጇን ያዘ። አልከለከለችውም።

ሽማግሌ ሊላክ ጥቂት ቀን ሲቀረው አፑ ተዘጋ። ሰው አፕ ከሚያወርድበት ገበያ ላይ ተነሣ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ሰርካለም ሰምታው የማታውቀው የውጭ ስም ያለው ኩባንያ አቤት ብሏል፤ ጣት ጎትቶ ማዘዝ በፓተንት የተመዘገበ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ሌላ ሰው ሊሠራበት አይችልም ይላል። በሽተኛው እንደገና ማዘዣውን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞር ጀመረ። ሰርካለም አለቀሰች። መሳይ አጠገቧ ተቀምጦ እንባዋን ጠረገላት። «ያልፋል» አላት። ዓይኗን ግን አላየም። እሷ ሐዘኗን የተካፈለ መሰላት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰርካለም ጓዳ ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። የሚናገሩት የመሳይ አባት ወዳጅ ጋሽ ገለታ ናቸው።

አቶ መዝገቡ ልጁን ያውቁታል፤ ደንብ ነውና ጠየቁ። «ለመሆኑ ሙያው ምንድን ነው?»

«ሙያውማ!» ጋሽ ገለታ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ስሙ ውጭ አገር የተመዘገበ ሰው ነው እኮ! ስልክ ላይ ጣት እየጎተቱ ማዘዝ አለ አይደል? የእሱ ፈጠራ ነው። ድርጅቱ በውጭ ስሙ አስመዘገበለት። ከእንግዲህ ማንም ያለ ፈቃድ አይሠራባትም። እናቱ ስትነግረኝ በደስታ እያለቀሰች ነበር።»

«ጣት መጎተት?»

«አዎን፤ እንዲህ፣ ከግራ ወደ ቀኝ።» ጋሽ ገለታ በአየር ላይ አሳዩ።

አቶ መዝገቡ የያዙት ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ እስከ ጓዳ ተሰማ።

«እንግዲህ ልጄን ላማክር» አሉ በመጨረሻ።

ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ ቀን እንደዚህ መባል ወግ ነውና ደስ ብሏቸው መርቀው ወጡ።

መሳይ ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ ቆሞ ወሬ ይጠብቃል። ሰርካለም ስትመጣ ሲያይ ፊቱ በራ።

«ምን አሉልኝ?»

«ሽማግሌዎችህ አመሰገኑህ። ጣት መጎተት የእሱ ፈጠራ ነው አሉ።»

ፊቱ ወደቀ። «ሰርኬ፣ ስሚኝ። አለቃችን አዲስ ሐሳብ አምጡ ሲለን ያንቺን ነገርኳቸው። በኩራት ነው የነገርኳቸው፣ እመኚኝ። ጠበቃው ደግሞ አስፍቶ ጻፈው፤ እ... ማለቴ፣ በጣት ተጎትቶ የሚታዘዝ ነገር ሁሉ የእኛ ነው ብሎ። ፈረምኩ።»

«እኔም እኮ አልፈጠርኩትም! አባዬ ስልክ ሲያነሳ አይቼ ነው። አገር ምድሩ የሚሠራበት ነገር ነው፤ የማንም አይደለም። ይሄንኑ ሂድና ተናገር። ከእኛ በፊትም ነበረ በላቸው።»

«ያባርሩኛል። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብዬ...»

«አፑ ሲዘጋ እነማን እንደሆኑ ታውቅ ነበር?»

መሬት መሬት አየ።

«እንባዬን እየጠረግክ?»

«ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል ረዳቱ። ታክሲው ሞልቶ ሄደ። ሌላ መጥቶ ቆመ። ሰርካለም ጠበቀች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ «እናገራለሁ» ቢላት ሌላውን ሁሉ ልትተውለት ልቧ ቆርጦ ነበር። መሳይ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«ሽማግሌዎቹ እንዳይመለሱ ንገራቸው» አለችው። ዳገቱን ስትወጣ ዞራ አላየችም።

አፑን እንደገና ሠራችው፤ መጎተቱን አውጥታ በምትኩ ትልቅ ቁልፍ አደረገችበት። አፕ የሚወርድበት ገበያም መልሶ ተቀበለው። በሽተኞቹም ተመለሱ። ለአባቷ ሰጥታ አስሞከረቻቸው። ጣታቸው ከቁልፉ አልፎ ወደቀ። ደገሙት፤ አሁንም አለፈ።

«ግድ የለም ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እየከተቱ። «አንቺ ንኪልኝ።»

ነካችላቸው።

ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ። መሳይ ነው። ተናግሮ ይሆን? ወይስ ይቅርታ ብቻ ነው? አቶ መዝገቡ ስሙን አዩና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሰርካለም ጣቷን አረንጓዴው ምልክት ላይ አሳረፈች። የአባቷ ጣት ሲጎትት ይረጋ ነበር። የእሷ ግን ባለበት ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ከግራ ወደ ቀኝ አጭር መንገድ ናት። ታክሲ መያዣው ላይ ያ ዝም ያለ አፍ ታያት።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ሲል፣ ጣቷ እዚያው ነበር።