በእኔ ድምፅ የጠራቸው

ጂን፣ ዛር፣ መንፈስ ሲባል ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ፣ መርሳ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁና ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያመጡ "ማስረጃችሁስ?" ብዬ ነበር የማሳፍራቸው፣ ዛሬ ግን የማፍረው እኔ ነኝ።

ጦርነቱ ወደኛ የመጣ ጊዜ ከከተማ ወጥተን ከማንጎ እርሻው በታች ባለ ደረቅ ቦይ ውስጥ ተደበቅን፣ አከራዬ ሐጂ ይማም፣ እግራቸውን የሚያማቸው ባለቤታቸው እመት ዘይነባ፣ ጎረቤታችን ጋሽ በላይና የእኔ እኩያ የሆነች ልጃቸው ሙሉ፣ ከእኔ ጋር አምስት። ሌሊቱን ከባድ መሣሪያው ሲያጓራ ማንም ዓይኑን አልከደነም፣ ሲነጋ ጋብ አለና ከላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ሆኖ መንገዱን የሚያይ፣ ነገር ከመጣ የሚጣራ ሰው አስፈለገ፣ እኔ ልሂድ አልኩ።

"አንተም እኮ አልተኛህም ልጄ" አሉኝ ጋሽ በላይ።

ምን ብዬ እንደመለስኩ ልንገራችሁ፣ አስተማሪነቴ እዚያም አልለቀቀኝም፣ "ጋሼ፣ እንቅልፍ የሚያመጣው ኬሚካል ነው፣ አዴኖሲን ይባላል፣ ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ ይጠራቀምና አንዱ ሕዋስ ለሌላው የሚልከውን መልእክት ያዳክመዋል፣ ቡና ደግሞ ቦታውን ይቀማዋል፣ ስለዚህ አንቱ ይረፉ" ብዬ እፍኝ የተቆላ ቡና ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

እመኑኝ፣ ቡናውን እየቆረጠምኩ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ቀጠነ፣ ቀጥሎ የቅጠሉ፣ ልክ ሬዲዮ ቀስ እያለ ሲቀነስ እንደሚሆነው፣ በመጨረሻ የራሴ ጥርስ ቡና ሲሰብር እንኳ አልሰማ አለኝ፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከታች ከቦዩ በኩል አንድ ሰው ስም እየጠራ "ውጡ! ውጡ!" ሲል ሰማሁ፣ ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው እያልኩ ሳስብ የገዛ ድምፄ ነው፣ ልነሳ ብል ገላዬ አልታዘዝ አለኝ።

የቀሰቀሰኝ ፍንዳታው ነው። ጫማዬን ተንተርሼ ተንጋልያለሁ፣ መቼ እንዳወለቅኩት አላውቅም፣ ቦዩ በአቧራ ተሸፍኗል። ተኝቼ አስጨረስኳቸው እያልኩ ጫማዬን አጥልቄ እየሮጥኩ ወረድኩ።

ከቦዩ ማዶ ካለ ኮረብታ ጀርባ ሸሽተው አገኘኋቸው፣ ሐጂ ይማም አንገቴን አቀፉኝ፣ "አላህ ይጠብቅህ ልጄ፣ ባትጠራን አልቀን ነበር።"

"እኔ እኮ ተኝቼ ነበር ሐጂ" አልኩ፣ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ።

"ተው እንጂ!" አሉ እመት ዘይነባ፣ "በየስማችን ጠርተኸን፣ እኔን አዝለህ በባዶ እግርህ እሾኹን እየረገጥክ አላወጣኸኝም?"

ጫማዬን አውልቄ አሳየኋቸው፣ ውስጥ እግሬ ላይ አንድ ጭረት የለም፣ ሐጂ አዩና "ሱብሐነላህ" አሉ። እንቅልፍ ያጣ አንጎል የሌለ ነገር ያሰማል፣ እሺ፣ የእኔስ አሰማኝ እንበል፣ የእነሱስ?

ጋሽ በላይ ግን አልወጡም፣ ያገኘናቸው ከቦዩ ጥግ በተኙበት ነው። ቀብረናቸው ስንመለስ ሙሉ እጅጌዬን ያዘችኝ፣ አላለቀሰችም።

"አባቴን ልቀሰቅስ ስል እጄን ይዘህ 'ተያቸው፣ እኔ አመጣቸዋለሁ' አልከኝ። ለምን አላመጣሃቸውም?"

"ሙሉ፣ እኔ አልነበርኩም።"

እጄን አንስታ እያገላበጠች ብዙ አየችው።

"ይሄው እጅ ነው" አለች።

አሁንም ገበያ መሃል ካየኋት እጄን ኪሴ እከታለሁ።