ለሁለት ሰው የተላከ ምሳ

ጂን ነው ሲሉኝ አይጥ ነው የምል፣ አይጥ ነው ሲሉኝ ደግሞ እስቲ አሳዩኝ የምል ሰው ነኝ፣ በዚህ ጠባዬ አሰላ ውስጥ ብዙ ወዳጅ አላፈራሁም፣ ይህን ስታነብ ከሳቅህም ሳቅ፣ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር።

አንገቴ ላይ እንቅርት መስሎኝ የተውኩት እብጠት የታይሮይድ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፣ አዲስ አበባ ተቆርጦ ወጣ፣ የተረፈውን እንዲያቃጥል ደግሞ ጨረር ያለበት አዮዲን በክኒን አስዋጡኝ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ጨረሩ የት የት እንደተጠራቀመ በካሜራ ይታያል፤ አንገቴ ላይ ብቻ ከበራ ደህና ነው፣ ሳንባዬ ላይ ከበራ ግን ተሰራጭቷል ማለት ነው። እስከዚያው ከሰው ራቅ ተባልኩ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ዴራ እህቷ ዘንድ ሄደች።

አሁን አሰላ ውስጥ በሽተኛ ብቻውን ይሁን ብለህ ሞክር! ጎረቤቴ የጀማል እናት አጥሩን ይዛ ቆመች።

"ኧረ አይግቡ እናቴ፣ ጨረር አለብኝ!"

"ጨረር ምን አባቱ! ከብት እንኳ ሲታመም ለብቻው አይተውም።"

ስንት ተከራክረን ምሳዬን በር ላይ አስቀምጣ እንድትመለስ ተስማማን። ከቀናት በኋላ ምሳ ዕቃው ሁለት ሆነ፣ ማንኪያውም ሁለት። ደግነቷ ነው ብዬ በላሁ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ጉም ከጭላሎ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሸፈነው፣ መጽሐፍ ይዤ ጋደም እንዳልኩ ከጓሮ በኩል የሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ ሰማሁ። ቧንቧው ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። እመነኝ፣ ያስፈራኝ መለቀቁ አይደለም፣ ሁለቴ መሆኑ ነው፤ ክኒኑን ለዋጠ ሰው ሐኪሞቹ የሚሰጡት ትእዛዝ ነዋ፣ ጨረሩ እንዳይቀር ሁለቴ ውሃ ልቀቅ ይሉሃል። ሄጄ አየሁ፣ ማንም የለም፣ ወለሉ ላይ ግን እርጥብ የነጠላ ጫማ ዱካ ነበር፣ የእኔ ጫማ ደግሞ ደረቅ ነው፣ በእጄ ዳስሼዋለሁ።

ወደ አጥሩ ወጣሁ።

"የጀማል እናት፣ ምሳውን ለምን ሁለት አደረጉት?"

"ለእንግዳህ ነዋ! እኛን ከልክለህ እሱን አስገባህ፣ ወላሂ ተቀይሜሃለሁ።"

"የቱን እንግዳ?"

"እንዳንተ አንገቱን በፎጣ የጠቀለለውን፣ መስኮቱ ጋ የሚቀመጠውን።"

"እኔ ነኛ እሱ!"

"አንተማ እሱ እዚያ ተቀምጦ ሳለ በር ላይ ቆመህ ታናግረኝ የለ? ዓይኗ ደክሟል ብለህ ልታሞኘኝ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ገብቼ ቁጭ አልኩ። ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኳትን ልንገርህ፤ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ፣ ደስ አለኝ። ስንት ቀን የሰው ድምፅ የምሰማው ከአጥር ማዶ ነው፣ ልጆቼም ስልክ ላይ ቶሎ ይሰለቻሉ። ሁለተኛውን ምሳ ዕቃ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩለት፣ ስለማነበው መጽሐፍ ትንሽ አወራሁለት፣ በሕይወቴ ያልተከራከረኝ እሱ ብቻ ነው። ምግቡ ግን እንደነበረ አደረ።

አዲስ አበባ ካሜራው ሥር ብቻዬን ተኛሁ። ባለሙያዋ፣ ወጣት ናት፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ "ጋሼ፣ አጠገብዎ ሰው ነበር እንዴ?" አለችኝ። አዙራ አሳየችኝ። መሐል የተጋደምኩት እኔ አንገቴ ላይ ትንሽ ነጥብ በርታለች፣ ከጎኔ ደብዘዝ ብሎ አንድ ሌላ አካል ተጋድሟል፣ የእሱ ደረት እንዳለ መብራት ነው።

"ብክለት ይሆናል፣ ምራቅ ወይም ሽንት አንሶላውን ሲነካ እንዲህ ያሳያል" አለች። ታጠብኩ፣ ልብስ ቀየርኩ፣ አንሶላውም ተቀየረ፣ ደገመችው። እኔ ብቻ ነበርኩ። ደረቴ ጨለማ።

ሐኪሙ "አልተሰራጨም፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለኝ። "ያኛውስ?" አልኩት። "የትኛው?" አለ፣ የመጀመሪያው ምስል ተሰርዞ ኖሯል።

ባለቤቴና ልጆቼ ተመለሱ፣ ቤቱ ጫጫታ ሆነ። የጀማል እናት በስተመጨረሻ ደጄን ረግጣ ገባች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ አየች።

"ያ ሰውዬስ?"

ምን ልበላት? "ሄደ" አልኩ።

"እንዲያ ደረቱ እስኪቀደድ እያሳለ?" አለችኝ። "ማን አለው ብለህ ነው ብቻውን የሰደድከው?"