ብል የገባው ካፖርት

«ያዝኳት! ይቺ ቀማኛ!»

እማማ ነጠላ ጫማዋን ግድግዳው ላይ ጧ አደረገችው። የልጅ ልጇ ከመጽሐፏ ቀና አለች። የነገው የባዮሎጂ ፈተና ስለ ነፍሳት አፍ ነው፤ እሷ ገና የትንኟን መርፌ ሳትጨርስ ቤቱ ጦር ሜዳ ሆነ።

«ምን አደረገችሽ እማማ?»

«ምን አደረገችኝ? የአባባን ካፖርት የምትበላው ብል አይደለችም እንዴ!»

አባባ፣ የእማማ ባል፣ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ማታ ሲመጣ የካፖርቱ ሽታ ቀድሞት ይገባል፤ ናፍጣ፣ ሲጋራ፣ ሚንት ከረሜላ። ልጅቷ ትንሽ ሳለች እጇን ኪሱ ውስጥ ስትሰድ «ትኬት ቆርጠሻል?» ይላት ነበር። ከረሜላውን ይዛ እብስ! ከሞተ ወዲህ ካፖርቱ ሳጥን ውስጥ ነው። ውሃ አላየ፣ ፀሐይ አላየ። እማማ አመሻሽ ላይ ሳጥኑን ገለጥ፣ አፍንጫዋን አንገትጌው ውስጥ ቅብር፣ መልሳ ክድን።

ልጅቷ ገጹን ገለጠች። ስለ ልብስ ብል የተጻፈውን አነበበችና ሳጥኑን ሰረቅ አድርጋ አየች። እውነቱን ብትናገር ካፖርቱ መታጠቡ ነው፤ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል?

«እማማ... የምትበረዋ እኮ አትበላም። አፏ ለስሙ ነው እንጂ አይሠራም።»

«አፍ የላትም?» እማማ ጫማዋን እንዳነሳች ቀረች። «ታድላ! ምነው ለጎረቤታችን ለጸጉር ሠሪዋ እንዲህ ባደረገልን! ትናንት ስለ ዳቦ ቤቱ ሰውዬ ያወራችኝን ብትሰሚ...» ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ ጫማዋን ዝቅ አደረገች። «ታዲያ ካፖርቱን ማን በላው?»

«ትሉ ነዋ፣ ልጇ። መንጋጋው እንደ መቀስ ነው። እኛ እዚህ ግድግዳ ስንደበድብ እሱ ሳጥኑ ውስጥ ይበላል።»

«ምን ይሻለዋል?»

«ማራገፍ፣ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት።»

«አይሞከርም! ሽታውስ?»

ልጅቷ ተነሳች። ሳጥኑን ከፍታ እጅጌውን አነሳችና ጣቷን በቀዳዳው አሾለከች። ጣቷ በወዲያ በኩል ብቅ አለ።

«እንዲህ ከቀጠለ የሚተርፍሽ የካፖርቱ ቁልፍ ብቻ ነው እማማ።»

እማማ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ካፖርቱን ከሳጥኑ ስባ አቀፈችው፤ አፍንጫዋን አንገትጌው ውስጥ ቀበረች።

«እንኪ» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ሳላይሽ ውሰጂው።»

ልጅቷ ካፖርቱን ጓሮ ገመድ ላይ ሰቀለችው። እንደ ድሮው እጇን ኪሱ ውስጥ ሰደደች። ከረሜላ የለም። ኪሱን ስትገለብጠው ነጭ ትል፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ፣ መሬት ወደቀ። የመጥረጊያውን እንጨት አንስታ የካፖርቱ ጀርባ ላይ አሳረፈችበት። አቧራው ቦነነ፤ ናፍጣውም አብሮት።

«ኧረ ቀስ!» አለች እማማ ከመስኮቱ። «ሰውዬውን ያመዋል!»

ልጅቷ እንጨቱን አስቀመጠች። ትከሻውን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ታራግፈው ጀመር።